የሃምሳ አለቃው ካሽ

ፎቶ ኮፒ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ኦሪጅናሉን መስታወቱ ላይ ረስቶ የሚሄድ ሰው ወይ ቸኩሏል፣ ወይ ደንግጧል። የቸኮለው የሚረሳው መታወቂያውን ነው። የደነገጠው ግን… ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ከጨረሰች ገና ሰባት ወሯ፣ የምትሠራውም የአክስቷ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሁለት ማሽን፣ አንድ ላሚኔሽን ማድረጊያ፣ አንድ ወረቀት መቁረጫ፣ አንዲት ኃይለኛ አክስት። ሰፈሩ በሙሉ ስሟን ትቶ «መርማሪት» ነው የሚላት። ሰው ፈገግ ካለላት «ምን ፈልጎ ነው?» ትላለች፤ ካልሳቀላት ደግሞ «ምን ደብቆ ነው?» አክስቷማ «አንቺን የሚያገባ መጀመሪያ አሻራ ይሰጣል» እያለች ትስቅባታለች።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ልጅ ገባ። የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ለብሷል፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ቀያሽ ነው፤ ከከተማው ዳር ለሚወጣው አዲስ መንገድ መሬት የሚለኩት ልጆች አለባበሳቸው ይታወቃል።

«አንድ ኮፒ ነበር። እኔ ራሴ ባደርገውስ?»

እንዴ! ማነው ፎቶ ኮፒ ቤት መጥቶ ራሴ ላድርገው የሚል? መርማሪት ዐይኗን አጠበበች፣ ግን ወረፋ ስለነበረ ዝም አለች። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ኮፒውን አደረገ፣ ከፈለ፣ ወጣ። እሷ ቀጥሎ ያለውን ሰው ልታስተናግድ ክዳኑን ብድግ ስታደርግ መስታወቱ ላይ አንድ አሮጌ ፎቶ በፊቱ ተደፍቶ አገኘች። ገለበጠችው።

አባባ ናቸው።

ማለቴ አያቷ። ከአርባ ዓመት በፊት፣ ወጣት ሆነው፣ ፀጉራቸው ጥቁር፣ በወታደር ልብስ፣ ረጅም ቀጭን ብረት በእጃቸው ይዘው። ግን አባባ ናቸው። እነዚያ ጆሮዎች የሌላ ሰው ሊሆኑ አይችሉም፤ እሷም ወርሳቸው ፀጉሯን የምትለቀው በእነሱ ምክንያት ነው።

መርማሪት ምን አደረገች መሰላችሁ? ፎቶውን መልሳ አስተኛችና አንድ ኮፒ ለራሷ አወጣች። ኮፒው ገና ሳይበርድ ልጁ እያለከለከ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ይቅርታ… አንድ ወረቀት ረስቼ…»

እጇን ክዳኑ ላይ ጭና «ምን ዓይነት ወረቀት?» አለችው።

«ፎቶ ነው።»

«የማን?»

«የሰው።»

«የሰው መሆኑንማ አየሁ። የበግ አልመሰለኝም።»

ሳቀ። ሳቁ ድንገተኛ ነው፣ ራሱን ያስደነገጠው ይመስላል። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው፤ ማሽኑ ብቻ ያጓራል። መርማሪት ቶሎ ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች።

«ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም» አለ ፎቶውን እየተቀበላት። «ማወቅ ግን በጣም እፈልጋለሁ።»

በቃ። ሌላ ሴት ብትሆን ይሄን ሰምታ ታልፈው ነበር። መርማሪት ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስንት ወረቀት አበላሸች መሰላችሁ።

አያቷን ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም፣ እና እሳቸውን ላስተዋውቃችሁ። ሰፈሩ «ሃምሳ አለቃ» ይላቸዋል። በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ አምካኝ ነበሩ። ከከተማው ዳር ያለው ትልቅ ሜዳ ያኔ ሙሉ በሙሉ ፈንጂ ተቀብሮበት ነበር። ያን ሜዳ ከጓዶቻቸው ጋር በደረታቸው እየተሳቡ፣ በዚያ በቀጭኑ ብረት መሬቱን እየወጉ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፈንጂ አወጡ። ሁለት ጣታቸውን እዚያ ትተው የጀግንነት ሜዳልያ ይዘው መጡ።

ሜዳልያው ቁምሳጥን ላይ፣ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የሚያወጡት በዓመት አንድ ቀን፣ ሜዳው ጸዳ የተባለበት ዕለት ነው። ያን ዕለት ለብቻቸው ተቀምጠው ያዩታል፣ አንድ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ፖስታ ቤት ይወስዱታል። ለማን እንደሆነ አይናገሩም። መልስ መጥቶም አያውቅም። መርማሪት አሥራ ሁለት ዓመቷ እያለ «የድሮ ፍቅረኛቸው ናት» ብላ ደምድማ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አባባ ሳር አይረግጡም። አስፋልት፣ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ ላይ ብቻ ነው የሚሄዱት፤ እሱንም በከዘራቸው ፊት ለፊቱን መታ መታ እያደረጉ። ልጅቷንም ሜዳው ላይ አንድ ቀን አስረግጠዋት አያውቁም። ለምን ስትላቸው «ሳሩ ጥሩ አይደለም» ነው መልሳቸው። ንግግር ደግሞ አይወዱም። አንድ ጊዜ ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች አበባና ማይክራፎን ይዘው ሲመጡ በሩን ዘግተው «የለሁም በያቸው» አሏት፤ ሰዎቹ በመስኮት እያዩዋቸው!

እንግዲህ እኚህን ሰው አንድ የማይታወቅ ቀያሽ «ማወቅ በጣም እፈልጋለሁ» ሲል ምን ይባላል? ማታ ለአክስቷ ስትነግራት አክስቷ ጭራሽ ነገሩን አባባሰችው።

«ልብ በይ! አንዱ ከቢሮ ነኝ ብሎ፣ ካርድ አንጠልጥሎ፣ የአንድ ጡረተኛ ወታደር ሜዳልያ ለኤግዚቢሽን ነው ብሎ ወስዶ የውሃ ሽታ ሆነ አሉ። ይሸጡታል እኮ! ገዢ አለው!»

ከዚያ በኋላ ልጁ መምጣት አበዛ። ሐሙስ መጣ፣ አርብ መጣ፣ ሰኞ ደግሞ ሁለት ጊዜ። አንዴ ካርታ ኮፒ ሊያደርግ፣ አንዴ እስክሪብቶ ሊገዛ (እዚያ እስክሪብቶ አይሸጥም)፣ አንዴ ደግሞ እጅግ የሚያስጠረጥር ሥራ ይዞ።

«ይቺን ካርድ ላሚኔት አድርጊልኝ። ግን ፊቷን ሳታያት።»

«ዐይኔን ጨፍኜ? እጄን ከማሽኑ ጋር ላሚኔት ላድርገው?»

«እሺ፣ ጨረፍ አድርገሽ እይ። አታንብቢ ግን።»

«ሚስጥር ነው?»

«ለጊዜው።»

«ለጊዜው ሚስጥር የሆነ ነገር ለዘለዓለም ጥሩ አይደለም» አለች፤ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ካርዷን ገልብጣ አስገባች። ማሽኑ ቀስ እያለ ሲያወጣት ሁለቱም ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። ትከሻቸው ሊነካካ አንድ ጣት ሲቀረው እሷ ፈቀቅ አለች። የሚሸተው አፈርና ሳሙና ነው። ይሄን ለምን እንዳስተዋለች ራሷንም ጠረጠረች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነገሩ የከፋው እዚህ ላይ ነው። ልጁን ትጠረጥረዋለች፣ ጫማው በሩ ላይ ድብ ድብ ሲል ግን እጇ ሳታዘው ፀጉሯ ላይ ይሄዳል። በዚያ ላይ ጥግ ላይ ያሉት ጫማ ጠጋኝ «አንድ ቀያሽ የሃምሳ አለቃን ቤት ጠየቀኝ፤ መቼ መቼ ነው ከቤት የሚወጡት አለኝ» ሲሏት ሁለት ነገር አንድ ላይ ተሰማት። አንደኛው «አላልኩም!» የሚል ነው። ሁለተኛውን አልነግራችሁም፣ ዐይኗ ግን ውሃ ሞላ።

በማግስቱ መጣ።

«የሃምሳ አለቃው የልጅ ልጅ አንቺ ነሽ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ጫማ ጠጋኙ።»

«ብሆንስ?»

ልጁ ኮፍያውን አወለቀ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ወረፋውን አየ፣ ዘጋው። ከዚያ ከጠረጴዛው የተበላሸ ወረቀት ቀደደና በሁለት መስመር ቁጥር ጻፈባት። የአክስቷ ማሽን መቶ ገጽ እያተመ ስለሚያጓራ ሲናገር በደንብ አልተሰማም። እሷ የሰማችው «እዚህ ላይ ታገኚኛለሽ» የሚል ነው። ፊቱ ቀላ፣ ወጣ።

እኮ! ስልክ ቁጥር ሰጣት!

መርማሪት ቤት ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ «ለምርመራ ነው» ብላ ለራሷ ምላ ደወለች። «ይቅርታ፣ የደወሉት ቁጥር ትክክል አይደለም።» የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ደወለች። አይደለም። ሁለተኛውን መስመር አንድ ቁጥር ቀንሳ ስትሞክር አንዲት ሴትዮ አንስተው «የጋዝ ሲሊንደሩን መቼ ነው የምታመጡት?» ብለው ጮኹባት። ለሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቃ ስትዘጋ ጆሮዋ ጋለ። የተሳሳተ ቁጥር! አንድ ሰው ሊቀልድብሽ ሲፈልግ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

ወረቀቷን እራት ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻት። አባባ መነጽራቸውን አድርገው አነሷት። ቁጥሩን አዩት። በጣም ረጅም ጊዜ አዩት።

«ማነው የሰጠሽ?»

«አንድ ደደብ።»

«ደደብ አይመስልም» አሉና አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቷት። እሷ በንዴት ስለነበረች ለምን እንደወሰዷት አልጠየቀችም። እስቲ አስቡት፣ መርማሪት ሳትጠይቅ ያለፈችው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው!

ከዚያ ቀን በኋላ አባባም ያስጠረጥሩ ጀመር። አንድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠፍተው መጡ። ካልሲያቸው ላይ የሳር ፍሬ ተጣብቋል፤ አክስቷ «ምንጣፉን አበላሸኸው አባዬ!» ስትል እንኳ አልተቆጡም። በማግስቱ መስኮታቸው ላይ አንድ የነሐስ ነገር በክር ተንጠልጥሎ ነበር፣ ከላይ ወፍራም፣ ከታች ሹል፣ እንደ ጠብታ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«አገኘሁት።»

«የት?»

«መሬት ላይ» አሉና ፈገግ አሉ። አባባ ፈገግ ሲሉ! ልጅቷ ሐኪም ልትጠራ ምንም አልቀራት።

ሰኞ ዕለት ሜዳልያውን ልትወለውል ቆርቆሮውን አወረደች። ሐሙስ ሜዳው የጸዳበት ቀን ነውና አባባ ከማየታቸው በፊት ማጽዳት የእሷ ሥራ ነው። ከፈተችው።

ባዶ ነው።

ጨርቁ አለ፣ የሜዳልያው ቅርጽ ጨርቁ ላይ ታትሞ አለ፣ ሜዳልያው የለም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ያ ልጅ። አባባ መቼ ከቤት እንደሚወጡ የጠየቀው ልጅ። ለአባባ ልትነግራቸው አስባ ሳሎን ድረስ ሄደች፤ እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው ያቺን ነሐስ በጣታቸው እያወዛወዙ ነበር። አልቻለችም። ሐሙስ ቆርቆሮውን ከፍተው ባዶ ቢያገኙት ልባቸው አይችለውም ብላ አሰበች። ሦስት ቀን አላት። በሦስት ቀን ሜዳልያውን ካላስመለሰች አበቃ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጁ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። ጀርባውን ሰጥቷል። መርማሪት እስትንፋሷን ይዛ ጆሮዋን አቀናች፤ ጆሮዋ ደግሞ ታውቃላችሁ ትልቅ ነው።

«አዎ፣ የሃምሳ አለቃውን ካሽ ቀብሬዋለሁ… ኧረ ማንም አይጠረጥርም… እሳቸው ራሳቸው አያውቁም… ሐሙስ ለሁሉም ክፍት እናደርገዋለን።»

ካሽ! ሸጦታል! ሜዳልያውን ሸጦ ካሹን ቀብሮታል!

«ሌባ!»

ወረፋው በሙሉ ዞረ። አራት ተማሪዎች፣ የቤት ካርታ የያዙ አንዲት ሴትዮ፣ በሩ ላይ ጫማ ጠጋኙ። አክስቷ ስቴፕለሯን እንደያዘች ቀረች።

«ሜዳልያውን ለማን ሸጥከው?»

«የትኛውን ሜዳልያ?» አለ ልጁ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አታስመስል! ካሹን የት ነው የቀበርከው?»

«ካሹን…» አለና በመጥፎ ሰዓት ሳቀ። ከዚያ እንባዋን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ጠፋ። ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ዙሪያውን ወደሚያዩት ሰዎች አየ፣ ወደ እሷ ተመለሰ። ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበር።

«ነይ ላሳይሽ።»

«ካንተ ጋር? ሞኝህን ፈልግ!»

«እሺ፣ አብረሽኝ አትሂጂ። ተከተይኝ።»

አሰበችበት። የአክስቷን የብረት ማስመሪያ አነሳች። «አሥር እርምጃ ቀድመህ ሂድ። ዞር ካልክ እጮኻለሁ።»

በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ እሱ ፊት፣ እሷ ከኋላ ማስመሪያ ይዛ። የሚያያቸው ሰው ሁሉ ቆሞ ይቀራል።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅ?» ሲል ጮኸ ሳይዞር።

«አትጠይቅ!»

«ቁጥሩን አላየሽውም?»

«የውሸት ቁጥርህን? ደወልኩ እኮ! አንዲት ሴትዮ ጋዝ አምጪ አሉኝ!»

ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ መሰላት፣ ጎን ጎኑን ስታየው ግን ከንፈሩን ነክሶ ሳቅ ያፍናል።

«ደወልሽ?»

«አሥር እርምጃ አልኩህ!»

«ቆሜያለሁ፣ አንቺ ነሽ የቀረብሽው።»

እውነቱን ነው፣ ሦስት እርምጃ ነበር የቀራት። ወደ ኋላ ተመለሰች።

ሜዳው ዳር ደረሱ። ልጁ አስፋልቱን ለቆ ሳሩ ውስጥ ገባ። እሷ ጠርዙ ላይ ተተከለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሳሩ ጥሩ አይደለም» እየተባለች ያደገች ልጅ እግሯ አይታዘዛትም።

ልጁ ዞረ። አልጮኸችበትም።

«ትፈሪያለሽ» አለ። እየቀለደ አይደለም።

«አልፈራም። አልረግጥም።»

«እኔ በየቀኑ እረግጠዋለሁ። እንዲህ አድርጊ፣ እግሬን ያነሳሁበት ላይ ርገጪ። እኔ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ። የሚሆን ነገር ካለ መጀመሪያ እኔን ነው።»

መርማሪት አሰበችበት። ሌባ እንዲህ ይላል? ማስመሪያዋን ጨብጣ ሳሩ ላይ በተኛው የጫማ ዱካ ላይ አንድ እግሯን አሳረፈች። ዱካው ለእሷ ሰፊ ነው፤ እግሯ ውስጡ ጠፋ። ሌላውን አስከተለች። ልጁ እርምጃውን ሳትነግረው አሳጠረላት። ይሄን አስተውላለች። ያን ጊዜ ግን መዝገቡ ውስጥ አላስገባችውም።

መካከል ላይ አንድ የድንበር ድንጋይ አለ። ልጁ ተንበርክኮ ጎኑ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ገለበጠና አንድ የብረት የምሳ ሣጥን አወጣ።

«ካሹ ይሄ ነው። ብር አይደለም። ጨዋታ ነው፤ በየአገሩ ይጫወቱታል። አንዱ ሣጥን ይደብቃል፣ የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፣ ሌላው በስልኩ እየተመራ ፈልጎ ያገኘዋል። ያገኘ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ መልሶ ይደብቃል። ጂኦካሽ ይባላል፣ እኛ ካሽ እንለዋለን። የሰጠሁሽ ቁጥር የዚህ ቦታ ነው። እዚህ ላይ ታገኚዋለሽ ነው ያልኩሽ።»

«ታገኚኛለሽ ነው ያልከኝ!»

«ታገኚዋለሽ።» ጆሮው ቀላ። «ያንንም ብል ደስ ይለኝ ነበር።»

ነፋሱ ሳሩን አጎንብሶ አለፈ።

«ለምን አያቴን?» አለች ቀስ ብላ።

«ቢሮ ውስጥ የዚህ ሜዳ ፋይል አለ። ፎቷቸው እዚያ ውስጥ ነበር። ሠላሳ ስምንት ደብዳቤም ነበር፤ በዓመት አንድ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ‹ሁለት መቶ አሥራ አራት አውጥቻለሁ። አንድ አምልጦኝ እንደሆነ እባካችሁ ደግማችሁ ፈትሹ።› አንድ ሰው እንኳ አልመለሰላቸውም።»

መርማሪት እጇን አፏ ላይ ጫነች። የድሮ ፍቅረኛ! ሠላሳ ስምንት ዓመት አባባ ሳር ያልረገጡት ለዚህ ነው። የጠረጠሩት መሬቱን ሳይሆን ራሳቸውን ነው።

«ንግግር እንደማይወዱ ሰማሁ። ቤታቸው ሄጄ ምን ልበል? መቼ እንደሚወጡ የጠየቅኩት መንገድ ላይ ሰላም ልላቸው ነበር፤ ሁለቴ ሞከርኩ፣ አፌ ተያዘ። ስለዚህ መልሱን ጽፌ ደበቅኩት። ሐሙስ ሌሎች ከመምጣታቸው በፊት አንቺ አግኝተሽ ለእሳቸው እንድታነቢላቸው ነበር።» ክዳኑን ከፈተ።

ከፈተና ደነዘዘ።

ከላሚኔት ካርዷ አጠገብ፣ በነጭ መሐረብ ላይ፣ የአባባ ሜዳልያ ተቀምጧል።

«ይኸው! ይኸው! ይኸው!» ማስመሪያዋ ተነሳ።

«እኔ አይደለሁም! እውነቴን ነው፣ እኔ ያስቀመጥኩት ቱምቢ ነበር። የነሐስ፣ በክር የሚንጠለጠል፣ የመጀመሪያ ሥራዬን ስጀምር የገዛሁት…»

ማስመሪያዋ አየር ላይ ቀረ። ከላይ ወፍራም፣ ከታች ሹል፣ እንደ ጠብታ።

ደብተሩን ከሣጥኑ አንስታ ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በሦስት ጣት የሚጽፍ ሰው ጋደል ያለ ፊደል፦

«አገኘሁት። የልጅቷን ቁጥር ሳየው የቦታ መሆኑን አወቅኩ፤ ካርታ ማንበብ አልረሳሁም። አደባበቅህ ግን ደካማ ነው። ድንጋዩን ስትመልሰው ሽበቱን፣ ያን በፀሐይ የነጣውን ፊቱን፣ ወደ ታች አደረግከው፤ ሰው የሚጋለጠው እንዲህ ነው።

ካርድህን አነበብኩ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከዘራዬን ብብቴ ሥር አድርጌ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት።

ሕጉ የወሰደ የሚበልጥ ይተካ ይላል። ቱምቢውን ወስጃለሁ። ከእሱ የሚበልጥ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው።

ሌላ፦ ልጅቷ ቁጥሩን ስልክ መስሏት ስትደውል ነበር። ሌላ ጊዜ ስልክህን ስጣት። ሃምሳ አለቃ።»

ካርዷን አነሳች። ፊቷን ሳታያት ያሸገቻትን ካርድ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሜዳው ከሥራው በፊት በመሣሪያ ተፈትሿል። ከዚያ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በየሜትሩ ረገጥኩት። ሁለት መቶ አሥራ አምስተኛ የለም። ጨርሰውታል። ይሄን የምጽፈው በሁለት እግሬ ቆሜ ነው፣ እናመሰግናለን። ከዚህ ሣጥን የሚወስድ ሰው የሚበልጥ ይተካ።»

ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። ሳሩ ላይ! አለቀሰች፣ ከዚያ ጋዝ የጠየቋት ሴትዮ ትዝ አሏትና ሳቀች፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰች። ልጁ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ እንዳትጮህበት።

«ለምን ራቅክ?»

«አንቺ ነሽ ያልሽው።»

«አሁን ቅረብ።»

ቀረበ። አጠገቧ ተቀመጠ፣ አልነካትም።

«በሰው ፊት ሌባ አልኩህ» አለች ወደ ጉልበቷ እያየች።

«አልሽኝ።»

«ቂም ያዝክ?»

«ትንሽ።» አንድ ሳር ነቀለ። «ስታለቅሺ ሳይ ቀነሰ። አልጠፋም ግን።»

ሜዳልያውን አላነሳችውም። ሕግ ሕግ ነው፣ የሚበልጥ ነገር አልያዘችም። መልሰው ሲደብቁት ድንጋዩን ሽበቱን ወደ ላይ አድርገው አስተካከሉት። አባባ እንዳይቆጡ።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ በር ላይ በትልቁ የታተመ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፦ «ቀያሹ ሌባ አይደለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መርማሪት።» ሴትዮዋም አነበቡት፣ ተማሪዎቹም አነበቡት፣ ጫማ ጠጋኙ ሁለቴ አነበቡት። ልጁ ረፋድ ላይ መጣ፣ ወረቀቱ ፊት ቆመ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ገባ።

«የዚያችን ወረቀት ሃምሳ ኮፒ።»

«ለምን?» (ጥርጣሬ እኮ በአንድ ቀን አይለቅም።)

«ቂሜ በሃምሳ ኮፒ ነው የሚያልቀው።»

አክስቷ ከውስጥ «አንተ ልጅ፣ አሻራህን መጀመሪያ!» ብላ ጮኸች። ሁለቱም ወለሉን አዩ። ሲወጣ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ። አንድ መስመር ቁጥር ብቻ ነው። ደወለች። ጠራ።

ሐሙስ አባባ ደብዳቤ አልጻፉም። ቆርቆሮውንም አላወረዱም። ልጅቷ ኮታቸውን አመጣችላቸውና «እንውጣ» አለቻቸው፤ ወዴት አላሉም። ሜዳው ዳር ልጁ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ይጠብቃል፣ እንደ ተፈታኝ ተማሪ አፉ ደርቆበታል። አባባ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ ነህ ሽበቱን ወደ ታች ያደረግከው?»

«አዎ ሃምሳ አለቃ።»

«እኔ ጋ ብትሆን አንድ ቀን አትቆይም ነበር» አሉና እጃቸውን ዘረጉለት፣ ያችን ሦስት ጣት ያላትን።

ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ሣጥኑን ከፍታ ሜዳልያውን አነሳች። አባባ ፊታቸውን አኮሰተሩ።

«የወሰደ የሚበልጥ ይተካል። ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«የሚበልጠውን ይዤ መጥቻለሁ» አለች። «እርስዎን፤ ሳሩ ላይ ቆመዋል።»

ኮታቸው ላይ ሰካችላቸው። መርፌው ሁለቴ ሳተ። አባባ ወደ ሜዳው አዩ፣ አገጫቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ንግግር አይወዱማ።

ሲመለሱ ሦስቱም ጎን ለጎን ትንሽ ሄዱ። ድንገት አባባ ቆሙና ከዘራቸውን ወደ ፊት ቀሰሩ።

«እናንተ ሁለታችሁ፣ አሥር እርምጃ ቀድማችሁ ሂዱ።»

«ለምን አባባ?» አለች መርማሪት፣ ዐይኗን አጥብባ።

«ትእዛዝ ነው። እኔ ደግሞ ሰማዩን ነው የማየው።»

ቀደሙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባተኛው ላይ ልጁ እጁን ዘረጋ፣ ስምንተኛው ላይ ያዘችው። አሥረኛው ላይ ልማዷ አልለቅ ብሏት ዞር ብላ አየች፣ አባባ እውነት ሰማዩን ያዩ እንደሆነ ልታጣራ።

ሰማዩን ነበር የሚያዩት። ከዘራው ብብታቸው ሥር ነበር፣ እግራቸው ሳሩ ውስጥ፣ የሚረግጡትን ሳያዩ ይመጡ ነበር።